ትንሿ ቀዳዳ

በቆቦ ሜዳ ክረምት ሲገባ ጭቃው መንገድ ያሳጣል። ስለዚህ አሮጌዋ ሞተር ብስክሌቴ ሳትሠራ ቆማ ከረመች። በመስከረም ወደ አላማጣ ስነዳት በሩጫ ደኅና ነበረች፤ ቤንዚን መስጫውን ስለቀው ግን ትጠፋለች።

አንዳንዱ ሰው፦ «የሚኒሞውን ብሎን አጥብቀው» አለኝ። ይህ ጩኸቷን ይጨምራል እንጂ ሕመሟን አያድንም። ሞተሩ ሲበርድ ካርቡራተሩን ፈታሁ። መስጫው ሲለቀቅ ቤንዚን የሚያልፈው በአንዲት ቀጭን ቀዳዳ ነው፤ እርስዋም በደረቀ ዝቃጭ ተደፍና አገኘኋት። ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋልና፥ በቤንዚን አጥቤ በጎማ መንፊያ አየር ነፋሁባት። ከዚያ ብሎኑን ጥቂት ባስተካክለው፥ ሞተሩ በቀስታ ሳይጠፋ ሠራ።

ልጆች ሆይ፥ የሰውም ጉድለት በሩጫ ጊዜ ይሰወራል፤ በዕረፍት ጊዜ ይገለጣል። ጉድለታችሁን በጩኸት አትሸፍኑ፤ ምክንያቱን ፈልጋችሁ አጽዱ።