ጣና ዳር በሁለት ብስክሌት



በመድረሳ ልጆችን ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ተማሪዎቼ ብዙ ነገር ጠይቀውኛል። የማውቀውን መልሻለሁ፤ የማላውቀውን «አላሁ አዕለም» ብዬ አልፌያለሁ። እንደ ገዛ ልጄ ጥያቄ አንገቴን ያስደፋኝ ግን የለም።

ልጄ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ማታ እራት በልተን እንደ ጨረስን፣ «አባ፣ ብስክሌት መንዳት ልማር» አለችኝ። «ነውር ነው ልጄ፤ ሴት ልጅ ብስክሌት አትነዳም» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ነውር ነው ወይስ ሐራም?» አለች።

ልዩነቱን ያስተማርኳት እኔው ራሴ ነኝ። ሐራም አላህ የከለከለው ነው፤ ነውር ደግሞ ሰው የሚጠላው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ይገጥማሉ፣ አንዳንድ ጊዜ አይገጥሙም ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስረዳሁት ትምህርት ነው። አሁን ያው ትምህርት ዞሮ ወደ እኔ መጣ። መልስ አጣሁ። «ተነሺ፣ እናትሽን አግዢ» ብዬ አሰናበትኳት።

ነገሩን የሚያከብደው እኔ ያለ ብስክሌት የማልኖር ሰው መሆኔ ነው። ወረታን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከተማችን ሜዳ ላይ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደውም ከእርሷ ይገነጠላል። ዙሪያዋን የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ ወንዞች አቋርጠውት ወደ ጣና ይገባሉ። በበጋ መሬቱ ደርቆ ስለሚጠነክር ብስክሌት እንደ ልብ ይሄድበታል። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁሩ ዋልካ ጎማውን ጨምድዶ ይይዛል። ወንዞቹ ሲሞሉም በሐይቁ በኩል ያሉት መንደሮች በውኃ ይከበባሉ፤ አንዳንዱ ደሴት ይሆንና ሰው በታንኳ ይወጣል፣ ይገባል። ሩዛችን የሚወደው ይህንኑ ውኃ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ብስክሌቴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እስከ አስፋልቱ እሄዳለሁ። እርሷ እኔን የምትሸከምበት ወር አለ፣ እኔ እርሷን የምሸከምበት ወር አለ።

ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከኋላዬ ተቀምጣ፣ ወገቤን ይዛ መድረሳ ስትመላለስ ነው ያደገችው። ከኋላ ስትቀመጥ ማንም ምንም አላለም። ነውር የሆነው መሪውን ልያዝ ስትል ነው።

በዚያው ሰሞን ቁርአን ያቀሩኝን አዛውንት ሸይኽ ልዘይር ሄጄ ነገሩን አነሣሁባቸው። እርሳቸውም ሳቁና «እናትህ ወደ ዓለም በር ገበያ በምን ነበር የምትሄደው?» አሉኝ። «በበቅሎ ነበር» አልኳቸው። «ልጓሙን ማን ይይዝላት ነበር?» «እርሷው ራሷ ናት።» «እንግዲያው በቅሎዋ ሐላል ሆና ብረቱ ሐራም የሚሆነው በየትኛው ኪታብ ነው?» አሉኝ። ቀጥለውም የሙእሚኖች እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በግመል መጓዛቸውን፣ በእግር ሩጫ መሽቀዳደማቸውንም አስታወሱኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው «አለባበሷን ተመልከት፤ የምትሄድበትን ቦታ ተመልከት፤ ማን አብሯት እንዳለ ተመልከት። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የጎረቤት ወሬ ነው። የጎረቤትን ወሬ በአላህ ስም አትናገረው» አሉኝ።

ይህ ንግግራቸው እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ቢሆንም እውነቱን ልናገር፤ ወሬውን ፈርቼ ለብዙ ወራት ዝም አልኩ። ልጄም ደግማ አልጠየቀችኝም። ልጅ ጥያቄውን ሲተው አባት ያሸነፈ ይመስለዋል። እኔ ግን አሸነፍኩ ማለት አልቻልኩም።

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ባሕር ዳር የምትኖረው ታላቅ እህቴ የልጅ ልጅ አይታ ለዐቂቃ ጠራችን። ከወረታ ባሕር ዳር ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ግን የመንገዱን ደህንነት ጠይቀው፣ ዱዓ አድርገው የሚነሡበት ጉዞ ሆኗል። እኔና ልጄ በሚኒባስ ተሳፍረን በሐሙሲትና በዘንዘልማ አድርገን በሰላም ገባን፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ባሕር ዳርም ሜዳ ናት። ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ላይ ብስክሌት ከጥንት ጀምሮ የሁሉም ነው። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ገበያተኛው ይነዳዋል፤ ወንዱም ሴቱም። እኔም በልጅነቴ እህቴን ልጠይቅ ስመጣ በሰዓት እየተከራየሁ የተማርኩት በዚህችው ከተማ ነው። ልጄ በአጥሩ ቀዳዳ አላፊ አግዳሚውን ስትመለከት እህቴ አየቻትና ነገሩ ገባት። «ወንድሜ፣ አንተ የተማርክበትን ከተማ ልጅህ በቀዳዳ ትየው?» አለችኝ። መልስ ሳትጠብቅ የልጇን ብስክሌት አስወጣችላት።

ሦስት ቀን በግቢው ውስጥ ተማረች። በመጀመሪያው ቀን የቀሚሷ ጫፍ ካቴናው ውስጥ ገብቶ ጣላት፤ ጉልበቷ ተላጠ። እኔ «ይኸው!» ልል አፌን ስከፍት እህቴ መቀስና መርፌ ይዛ መጣች። ከቀሚሷ ሥር የሚለበስ ሰፊ ሱሪ ሰፋችላት፤ ቀሚሷን በልክ አሳጠረችው፤ ሒጃቧንም ነፋስ እንዳይገልጠው ከትከሻዋ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። በሁለተኛው ቀን ልጄ አልወደቀችም። ዐውራውን ሳንነካ፣ ሐያዋንም ሳንጥል በአንድ መርፌ የተፈታ ችግር ነው። እኔ ግን ወራት ሙሉ እንደ ተራራ አይቼው ነበር።

በአራተኛው ቀን ዙህርን ሰግደን፣ ለእኔም አንድ ብስክሌት ተከራይተን ወጣን። በሐይቁ ዳር ለእግረኛና ለብስክሌት ተብሎ ንጣፍ የተነጠፈበት መንገድ አለ። ዋልካ የለበት፣ ድንጋይ የለበት። በስተግራችን የዛፎች ጥላ፣ በስተቀኛችን ውኃው። ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ትልቅ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከአሥራ አራት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህን ለልጄ ስነግራት «ሰፊ ሆኖ ጥልቅ ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው?» አለችኝ። ስለ ሐይቁ ብቻ የጠየቀች እንደ ሆነ አላህ ያውቃል።

ሐይቁን ይዘን ጥቂት እንደ ሄድን ሳታስበው ፍሬን ያዘችና ወረደች። ደነገጥኩ። ለካ የተሰበረ ጠርሙስ አይታ ነው። ስብርባሪውን በጥንቃቄ ለቅማ ከመንገዱ ዳር ወዳለው የቆሻሻ መጣያ ጨመረችና ተመልሳ ተሳፈረች። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን በቃሏ የምታውቅ ልጅ ናት። በእጇ ስትሠራው ያየኋት ግን ያን ቀን ነው። መንገድ ላይ ባትወጣ ኖሮ የት ትሠራው ነበር?

ከሐይቁ ዳር ወጥተን ወደ ዓባይ ድልድይ አቀናን። አዲሱ ድልድይ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ነው፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። የመኪናው ለብቻ፣ የእግረኛውና የብስክሌቱ ለብቻ ተለይቶለታል። ከመካከሉ ላይ ቆመን ዓባይ ከጣና ሲወጣ ተመለከትን። ውኃው ያን ያህል መንገድ ሊሄድ፣ ሱዳንና ግብፅ ሊደርስ፣ አነሣሡ ድምፅ እንኳ የለውም።

ስንመለስ መንገዱ ሰፋ ባለበት ላይ ጎን ለጎን ሆንን። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት ከኋላዬ ስትቀመጥ ፊቷን አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት። የደስታዋን ነገር ልገልጸው አልችልም፤ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

የዐስር ሰዓት ሲደርስ ከሐይቁ ዳር አንድ አዛውንት ደንገል ዘርግተው ታንኳ ሲያስሩ አገኘን። ሰላምታ አቀረብን፤ እርሳቸውም «ወዐለይኩም ሰላም፤ ኑ ቡና ጠጡ» አሉን። ከነገደ ወይጦ ወገን ናቸው። ነገደ ወይጦ በጣና ዳር የኖሩ፣ የደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እነርሱ ካቀረቡት አይቀምስም ነበር። አደኑ ከቀረ ዘመን ሆኖታል፤ መራቁ ግን ከብዙዎቻችን ልብ አልወጣም። በእኛም ቤት «ከእነርሱ ቤት አትቅመሱ» ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት።

ሲኒው ቀረበልኝ። እጄ ለአንዲት ቅጽበት ዘገየ። ቀና ስል ልጄ ታየኛለች። ምንም አልተናገረችም፤ ጥያቄዋ ግን ያው ነበር፤ ነውር ነው ወይስ ሐራም? «ቢስሚላህ» ብዬ ጠጣሁ። ወላሂ፣ ከዚያ ቡና ይልቅ የመረረኝ ያቺ የዘገየሁባት ቅጽበት ናት።

ውዱእ ከሐይቁ አደረግን። አዛውንቱ አስተማሪ መሆኔን ሰምተው «ኡስታዝ፣ እርስዎ ያሰግዱን» አሉ። እኔም ሰው በገዛ ስፍራው ሌላ አይቀድመውም የሚለውን ሥርዓት ጠቅሼ «ቦታው የእርስዎ ነው፤ እርስዎ ይቅደሙ» አልኳቸው። «እኛ እኮ ብዙ አልተማርንም» አሉ፤ ቆይተው ግን ቀደሙ። ዐስር ድምፅ የማይሰማበት ሶላት ነው፤ ምን እንደ ቀሩ አላውቅም። ረጅም ቆሙ፤ ረጅም ሱጁድ አደረጉ። ከኋላቸው ቆሜ ስሰግድ፣ በሕይወቴ ስንት ጊዜ የሰውን ንቀት የዲን ልብስ እንዳለበስኩት አሰብኩ።

ወደ ወረታ ከተመለስን በኋላ ልጄ ከፈጅር ሶላት ቀጥሎ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከእኔ ጋር ትነዳለች። ወሬው አልቀረም። አንድ አባት ልጁን ከመድረሳችን አስወጣ። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ ሠላሳኛውን ጁዝ ጨርሳ ነበር። ቤቱ ድረስ ሄጄ አነጋገርኩት፤ በክብር ተቀበለኝ፣ ቡናም አስፈላልኝ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል፤ ነገሩ ዋጋ የለውም ብዬ ለአንባቢ መዋሸት አልፈልግም። በሌላ በኩል ሁለት እናቶች በልጄ በኩል የቀሚሱንና የሱሪውን አሰፋፍ ጠይቀው ልከዋል።

ውድ ወላጆች፣ ይህ ፈትዋ አይደለም፤ ፈትዋ የዑለማዎች ሥራ ነው። ልጁን ከብስክሌት ያራቀ አባትም ኃጢአት ሠራ አልልም፤ መንገዱ የሚያስፈራበት ቦታ አለ፣ ሁኔታውን ቤቱ ያውቃል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጆቻችንን ስንከለክል ምክንያቱን በእውነተኛ ስሙ እንጥራው። ፈርተን ከሆነ «ፈራሁልሽ» እንበል፤ ሰውን አፍረን ከሆነ «ሰውን አፈርኩ» እንበል። አላህ ያልከለከለውን በአላህ ስም ከከለከልን፣ ልጁ ነገ እውነቱን ሲያውቅ አላህ በእርግጥ የከለከለውንም ከእኛ አይቀበለንም።

አላህ ከአንደበታችን የሚወጣውን እውነት ያድርግልን፤ ለሀገራችንም መንገድ ሁሉ ሰላሙን ይስጥልን። አሚን።