የአዳራሹ ቁልፍ

የከተማችንን የቆሰበርን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጉሙ ከደጋው ይወርድና ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። በ1978 ዓ.ም. እኛ የቀበሌ ኪነት ልጆች ግን የምንወጣው በዚያ ሰዓት ነበር። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። ከበሮው እስኪሞቅ ድረስ እንንቀጠቀጣለን፤ ከዚያ በኋላ ጋቢያችንን አግዳሚው ላይ ወርውረን በላብ እንጠመቃለን።

አሰልጣኛችን የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። እጃቸው ላይ ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ አይጠፋም። ጉልበቱን አላግባብ ያጠፈውን በዘንጓ ነካ ያደርጉታል፤ ስተው መትተውን ግን አያውቁም። ትከሻ ብቻውን ቢርገፈገፍ እስክስታ አይባልም ይሉን ነበር፤ መጀመሪያ እግር መሬቱን ማወቅ አለበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትከሻችንን እንዳናንቀሳቅስ ከልክለው መራመድ ብቻ ያስተማሩንን አልረሳም። ልምምዱ ሲያበቃ ሻይና ዳቦ ነበረች። ለብዙዎቻችን እራታችን እሷው ናት።

ያንን ዘመን ለማሞገስ አልጻፍኩም። ምን እንደምንዘፍን የሚነገረን ከላይ ነበር፤ ከመካከላችን ወደ ጦር ሜዳ ሄደው ያልተመለሱ አሉ። ቤት ስንገባ ደግሞ አባቶቻችን «አዝማሪ ልትሆን ነው?» እያሉ አንገታችንን ያስደፉን ነበር። ያም ሆኖ የሚከፈት በር፣ የሚበራ መብራት፣ የሚያርም መምህር ነበረን። አንድ ልጅ ተወዛዋዥ እንዲሆን ከዚህ የበለጠ ብዙ ነገር አያስፈልገውም።

ከሁላችን የሚበልጥ አንድ ጓደኛ ነበረን። እሱ ሲወጣ እኛ ማጨብጨብ እንረሳለን። ወገቡ እንደ ምሰሶ ቆሞ ትከሻው ብቻ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የሚባለው የኪነት ጉዞ የየብሔረሰቡን ውዝዋዜ ይዞ ዓለምን ሲዞር፣ ወሬውን በሬዲዮ እየሰማን እሱም እዚያ መሆን ይገባው ነበር እንባባል ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ። ከበሮው የት እንደገባ አላውቅም። ጓደኛዬ ዛሬ ከአስፋልቱ ዳር የቀርከሃ ወንበር ይሠራል። ጉልበቱን ያመዋል። ሰርግ ላይ ከበሮ ሲሰማ ግን ትከሻው ሳያስበው ይነሣል፤ እኔም አይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

እኛ በተበተንን በጥቂት ዓመት ውስጥ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ካርሚና ቡራና የሚባለውን የዳንስ ትርኢት አሳየ። ከነዚያ ልጆች መካከል የተመረጡት አዱኛ በሚባለው የዳንስ ቡድን ውስጥ ለዓመታት ሠለጠኑ፤ ሠልጥነውም ሌሎችን አሠለጠኑ። አንዱ ጁነይድ ጀማል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሮሌክስ፣ የሰዓቱ ኩባንያ፣ ወጣትን ከታላቅ ባለሙያ ጋር በሚያጣምርበት መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠራ። ፌሎሺፕ የሚሉት ይህንን ነው። ከዋንጫና ከምስክር ወረቀት ይለያል፤ የሚሰጠው ጊዜ ነው። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዳቦ ሳያስቡ ታላቅ ባለሙያን በቅርብ እያዩ የሚሠሩበት ጊዜ። ጁነይድ በኋላ ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖን መሥርቶ የተሰጠውን ለሌሎች ማካፈል ያዘ።

ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ካዛንቺስ ፈንዲቃ በሚባል አዝማሪ ቤት ውስጥ በሽልማት ብር እየጨፈረ፣ እዚያው እያደረ ዓመታት ኖረ። ቤቱን ራሱ ሲረከበው ለሌሎች ተወዛዋዦችና ሙዚቀኞች በሩን ከፈተ። ሴኔጋል ውስጥ ደግሞ ተወዛዋዧ ዠርሜን አኮኚ ትመራው የነበረው ሙድራ አፍሪክ የተባለ የዳንስ ትምህርት ቤት ቢዘጋም ሴትየዋ አልተቀመጠችም። ቱባብ ዲያላው በሚባል የባሕር ዳርቻ መንደር የራሷን ትምህርት ቤት አቆመች። ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ተወዛዋዦች እዚያ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። ይህንን ሳነብ የመምህራችን ሻይና ዳቦ ትዝ አለችኝ።

እዚሁ አገራችን ምን አለ ለሚል፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዓድዋን ጀግኖችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ይሰባሰባል። የማኅበሩ አባል ለቅሶ ሲደርስበት ብቻውን አያለቅስም፤ ሲጣላም የሚያስታርቀው አያጣም። የፈረስ ጉግሱን እውቀት ከአባት ወደ ልጅ ያሻገረው ይህ አብሮነት ነው። የውዝዋዜውን እውቀት ግን እንዲህ አቅፎ የያዘው ማኅበር የለም።

ባለፈው ጥር 23 ፈረሱ ሜዳውን ከሞላው በኋላ ጥግ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ተወዛዋዥ ልጆች አየሁ። አንዷን የት እንደሚለማመዱ ጠየቅኋት። እናቷ ግቢ ውስጥ፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ እንደማይለማመዱ ነገረችኝ። አዲስ ነገር የሚያዩት ከስልክ ነው። የሚያርማቸው ሰው የለም። የተከፈላቸው ለትራንስፖርት ብቻ ነበር። ስትጨፍር አየኋት፤ ትከሻዋ እግሯን ይቀድመዋል። ችሎታ አላት፣ መራመድ ግን ማንም አላስተማራትም።

«ጋሼ፣ እናንተስ የት ነበር?» አለችኝ።

በጣቴ አሳየኋት። አዳራሹ አሁንም ቆሟል። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኗል፤ ስብሰባ ሲኖር ይከፈታል፣ ሳይኖር ይቆለፋል። ቁልፉን የያዘውን መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ በሳምንት ሁለት ማታ ለልጆቹ ይከፈት ብዬ ጠይቄአለሁ። እንመለከተዋለን ተብያለሁ።

እዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ማኅበር አለ፣ ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን አሉ። በዓመት ሁለት ወጣቶችን መርጦ ቀለባቸውን ችሎ፣ ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ወይም አዲስ አበባ ባለሙያ ዘንድ ልኮ ማስተማር አያቅተንም። ለመጀመሪያው ዓመት የመንገዱን ወጪ እኔ እችላለሁ። ወንበር ሠሪው ጓደኛዬ ደግሞ መራመዱን እኔ አስተምራቸዋለሁ ብሏል። ቁልፉ ያለው ሰው ይህን ካነበበ በሩን ይክፈትልን።