ሽርጥ ለባሾቹ ስኮትላንዶችና ግድግዳ ላይ የቀረው ክራራችን

ዛሬ ስለ ነዳጅ ዋጋም ስለ ኡበርም አላወራም። የዛሬው ጉዳዬ ሽርጥ ነው። ረዘም ቢልባችሁ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ሲያትል የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ ከተማ ኪልት ያገለደመ ወንድ ማየት ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ዩቲሊኪልትስ የሚባል ድርጅት እዚሁ ተቋቁሞ ኪልትን የሥራ ልብስ አደረገው። በወፍራም ጨርቅ ሰፋው፣ ትላልቅ ኪስ ለጠፈበት። የእኛ ሰው ታዲያ ሲያይ "ወንዱ ቀሚስ ለብሶ!" ብሎ ይስቃል። አፋርና ሶማሌ ወንድሞቻችን ከጥንት ጀምሮ ሽርጥ ሲያገለድሙ ያደግን ሰዎች በስኮትላንድ ሽርጥ የምንስቅበት ምክንያት አይገባኝም።

ባለፈው ሐምሌ ኪልት የለበሱ አንድ አዛውንት ከኤርፖርት ጫንኩ። ኢነምክሎ የሚባለው ከተማ በየዓመቱ ወደሚደረገው የስኮትላንዶች ጨዋታ ነበር የሚሄዱት። መንገዱ ረጅም ስለሆነ በደንብ አወራን። ጭናቸው ላይ የያዙት ሻንጣ ውስጥ ያለው ባግፓይፕ ነው። በእኛ አማርኛ ስልቻ ያለው ዋሽንት በሉት። ስልቻውን በአፍ ነፍቶ ይሞሉትና በክንድ ይጫኑታል። ትከሻ ላይ የቆሙት ሦስት ዘንጎች አንዱን ድምፅ ሳያቋርጡ ያንጎራጉራሉ፤ ዜማውን የምታወጣው ሌላዋ ዘንግ ናት፣ እሷም ያላት ዘጠኝ ድምፅ ብቻ ነው። ስልቻው አየር እስካለው ድረስ ድምፁ አይቆምም። ስለዚህ አንዱን ድምፅ ሁለቴ ለመምታት ከፈለጉ መሀሉ ላይ በጣት ፈጠን ያለች ሌላ ድምፅ ጣል ማድረግ አለባቸው። ይህን ለመልመድ ብቻ ዓመታት ይፈጃል አሉኝ።

ታሪካቸውን ቤት ገብቼ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1746 ኩሎደን ላይ ደጋማዎቹ ስኮትላንዶች ከተሸነፉ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት የደጋ ልብስ እንዳይለበስ በሕግ ከለከለ። ወታደር ካልሆነ በቀር ኪልት ለብሶ የተገኘ ወንድ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ከደገመው ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተነሣው በ1782 ነው። አስቡት፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ያለ አባቱ ልብስ አደገ። ዛሬ ግን እዚህ አሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሲሞት የሚሸኘው በባግፓይፕ ነው። የሲያትልም እሳት አደጋ ሠራተኞች ኪልት የሚለብስ የራሳቸው ጓድ አላቸው።

አዛውንቱን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። "ወጣቶቹ ከሮክ ጋር ሲቀላቅሉት አይከፋዎትም?" ሳቁና "የልጅ ልጄ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ይነፋዋል። እኔ አልወደውም። ጣቱ ግን ትክክል ነው" አሉኝ። ይቺ መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

ምክንያቱም እኛም ቤት ያው ጠብ አለ። ባለፈው እንቁጣጣሽ አንድ አዳራሽ ውስጥ እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ማሲንቆውን ከላፕቶፕ ከሚወጣ የሂፕ ሆፕ ምት ጋር አዋሕዶ ይጫወት ነበር። አንድ አባት ተነሥተው "ባህላችንን አታበላሽብን!" አሉ፤ ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ልጁ ማሲንቆውን ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማሲንቆ ይዞ ሲመጣ አላየሁትም። በዚያ ምሽት "ጣቱ እንዴት ነው?" ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ እንደሰማሁት ጥሩ ነበር።

ወገኖቼ፣ መቀላቀል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ የጦር ሜዳውን ሽለላ ወስዶ በሳክስፎን ነፋው። ሳክስፎን የፈረንጅ ነው፣ ሽለላው ግን የእኛው ሆኖ ቀረ። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላም ከሆላንዶቹ የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 ሞዓ አንበሳ የሚለውን አልበም አወጣ። ሙላቱ አስታጥቄም የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ጋር ስላዋሐደ ነው ዓለም ኢትዮ ጃዝ የሚለውን ስም ያወቀው።

በባግፓይፑ በኩልም እንዲሁ ነው። ሩፈስ ሃርሊ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ፣ የፊላደልፊያ ሳክስፎን ተጫዋች፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ቀብር በቴሌቪዥን ሲያይ የስኮትላንድ ወታደሮችን ባግፓይፕ ሰማ። ልቡ ሸፈተ። መሣሪያውን ፈልጎ ገዛና ጃዝ ተጫወተበት። የእኛው ጌታቸው የአገሩን ዜማ ወደ ሳክስፎን ወሰደ፤ ሃርሊ ደግሞ ከሳክስፎን ተነሥቶ የሰው አገር ስልቻ ታቀፈ። ሁለቱም ግን መጀመሪያ መሣሪያቸውን ጠንቅቀው አውቀዋል። ጌታቸው ሽለላን ባያውቅ ኖሮ በሳክስፎኑ የሚወጣው ጩኸት ብቻ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ፍርሃት ስለ ቅልቅሉ አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ ግድግዳው ነው። ሬስቶራንቶቻችን ውስጥ ክራር ተሰቅሎ አያለሁ፤ ክሩ ረግቧል፣ አቧራ ጠጥቷል። በየሳሎናችንም እንዲሁ። ነጠላችንም ለፋሲካና ለሠርግ ብቻ ከሻንጣ ይወጣል። ስኮትላንዶቹን በሕግ ነው የከለከሏቸው። እኛን ማን ከለከለን? ልጁን ያስቆመው ፖሊስ አይደለም፤ የገዛ አባቶቹ ነን።

አባቶችንም አልወቅስም። በስደት ያለ ሰው ያለውን እንዳያጣ ይሰስታል፤ ይገባኛል። ግን ሳይነካ የተቀመጠ ክራር እየተጠበቀ አይደለም፣ እየረገበ ነው። ልጁ ቅኝቱን ይማር፣ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ ይለይ። ከዚያ በኋላ በላፕቶፕም ይጫወተው በጊታር፣ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ላልወደው እችላለሁ፤ ያ የእኔ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሲያትል፣ ረንተን፣ ተክዊላ አካባቢ ክራር ወይም ማሲንቆ ማስተማር የሚችል ካላችሁ እዚህ ሥር ጻፉልኝ። ቤታችሁ የተሰቀለ መሣሪያ ካለ አውርዱና ክሩን አጥብቁት። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ማመላለስ የእኔ ድርሻ ይሁን፤ ሜትር አልቆጥርም።

ያንን የማሲንቆ ልጅ የምታውቁት ካላችሁም ይመጣ ዘንድ ንገሩልኝ። ላፕቶፑንም ይዞ ይምጣ።

ቸር ሰንብቱ።