የተንከባለለው ድንጋይ

በአንድ የናሙና ወረቀት ላይ ሐሰት ጽፌያለሁ። «ከአለቱ ነቅዬ ያወጣሁት» ይላል። ድንጋዩን ግን ከአለት አልነቀልሁትም፤ ከሰው እጅ ነው የተቀበልሁት።

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ድንጋይ ስፈላልግ ያየኝ አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ «ጋሼ፣ ይኼ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው» ብሎ አቀበለኝ። ድንጋይ የሆነ የባሕር ዛጎል ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ ቅርፊት ተለጥፎበታል። በማጉያ መነጽር ሳየው ብራዮዞዋ መሰለኝ፤ እያንዳንዱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ተያይዞ በማኅበር የሚኖር እንስሳ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች ብቻ 6,000 ገደማ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ከሚለዩት ምልክቶች አንዱም የእነዚያ ቀዳዳዎች ቅርጽ ነው።

ልጁ ቀጠለ፦ «ከላይ ተንከባሎ የመጣ ነው። ክረምት ጎርፉ ያወርደዋል።» ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁትም ብል ሌላ ሐሰት ይሆንብኛል።

በጁራሲክ ዘመን ይህን አገር ባሕር ሸፍኖት ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዞች የመቅደላ ዘመቻ ጋር የመጣው የሥነ ምድር ሊቅ ብላንፎርድ በአንታሎ ስም የጠራው የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ቅሪት ነው። አዲስ ዝርያ ሲሰየም ስሙ የሚቆመው በአንድ መለያ ናሙና ላይ ነው፤ የናሙናው ዕድሜ የሚታወቀው ደግሞ ከተገኘበት አለት ነው። ተንከባሎ የመጣ ድንጋይ ከየትኛው አለት እንደተነሣ አይናገርም። ይህን አውቅ ነበር፤ የጻፍሁትም ስለማውቅ ነው።

አዲስ ዝርያ መስሎኝ ስሙን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ የመካነ ሰላም ወረዳ ስም የሆነው ቦረና ይገባበታል። ለአገሬ ክብር ነው እል ነበር። አገሬን መውደዴ እውነት ነው፤ ግን በእንስሳት ሳይንስ ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሰያሚው ስም እንደሚጻፍም አልዘነጋሁም።

ለተማሪዎቼ የፈረንሳዊውን የተፈጥሮ ተመራማሪ የሳቪኒን ታሪክ አስተምር ነበር። ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘምቶ የባሕር እንስሳትን ሥዕል አዘጋጀ፤ ዓይኑ ስለታመመ ግን መግለጫውን መጻፍ አልቻለም። በ1826 እ.ኤ.አ. ሌላው ተመራማሪ ኦዱዋን ሥዕሎቹን እያየ ለእንስሳቱ ስም ሰጣቸው። አንዳንዶቹ ከቀይ ባሕር ይሁኑ ከሜዲትራኒያን እስከ ዛሬ ያከራክራሉ። ኦዱዋን አልዋሸም፤ ያልተጻፈ ቦታ ብቻውን ይህን ያህል ካስቸገረ፣ በሐሰት የተጻፈው ምን እንደሚያደርግ ራሴን አልጠየቅሁም።

ወረቀቱን ያመነች ተማሪዬ ቁልቁለቱን ወርዳ ያን አለት ስትመረምር ሰነበተች። ተመልሳ «ምንም አላገኘሁም። ዓይኔ ገና አልሠለጠነም መሰለኝ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ወይም ቀድሞ የገባኝን ከዚያ ወዲያ መሸሽ አልቻልሁም። ሐሰቴ ድንጋይን እንጂ ሰውን የሚነካ አይመስለኝም ነበር። እርሷ ግን የእኔን ጥፋት በገዛ ዓይኗ ላይ አላከከችው። ቢሆንም ወዲያው አልነገርኋትም። «እስቲ ደግመሽ ሞክሪ» አልኋት። ከፊተኛው ይልቅ ይህ ይከብደኛል፤ የፊተኛውን በጉጉት አደረግሁት፣ ይህን ግን በእርጋታ።

በማግስቱ ነገርኋት። የቀድሞው ጽሑፍ እንዲነበብ አድርጌ በአንድ መስመር ሰረዝሁት፤ ከሥሩም «ተንከባሎ የመጣ፤ መነሻው ያልታወቀ፤ ያገኘው ፍየል ጠባቂ ልጅ» ብዬ ጻፍሁ። የልጁን ስም አልጻፍሁም፤ አልጠየቅሁትም ነበርና።

«ጎርፉ በየት በኩል ነው የሚያወርደው?» ብለው ኖሮ ልጁ ወደ ላይ ይመራኝ ይሆናል፤ ምናልባት አለቱንም እናገኘው ነበር። ቸኩዬ ነው ማለት ይቀለኛል። ግን ችኮላ አልነበረም፤ ያልጠየቅሁት መልሱ ያዘጋጀሁትን ስም እንዳያሳጣኝ ፈርቼ ነው።