ለቅሶ ስለ መድረስ

ሰው ለራሱ ሙት ያለቅሳል፤ የሌላውን ሙት ግን ይቈጥራል። ይህን ነገር ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልጆች ሳስተምር ኖሬ አላወቅሁትም ነበር። የተማርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጥፋቴ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሽማግሌ ስሕተቱን ሲናገር መስማት ዋጋ የማይከፈልበት ትምህርት ነውና ጥቂት ታገሠኝ።

እኔ ፊደል የቈጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በክፍላችን ግድግዳ ላይ ቅድስት ምድርን የሚያሳይ አንድ ትልቅ ካርታ ተሰቅሎ ነበር። አስተማሪያችን በበትር እያመለከቱን፣ ኢያሪኮ፣ ቤተ ልሔም፣ ናዝሬት፣ ጋዛ እያልን በቃላችን እንወጣው ነበር። ጋዛ ማለት ለእኛ ሶምሶን የከተማይቱን በር ከነመቃኑ ነቅሎ የተሸከመባት አገር ናት፤ ደግሞም ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ መጽሐፍ እያነበበ የወረደው በጋዛ መንገድ ስለ ሆነ፣ የራሳችን አገር ያህል እንወዳት ነበር። በኋላም አድጌ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ሳስተምር ያንኑ ካርታ በሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አስተማርሁ። ነገር ግን በእነዚያ ከተሞች ዛሬ ማን እንደሚኖር፣ እናቶች ማለዳ ተነሥተው ዳቦ እንደሚጋግሩ፣ ልጆች ቦርሳ አንግተው ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ አንድ ቀን እንኳ አልተናገርሁም። ሰው የሌለበት ካርታ አስተማርሁ። ሰው የሌለበት አገር ሲቃጠል ደግሞ የሚያለቅስ አይገኝም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የምኖረው በወሎ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሠፈራችን ወጣቶች በቤቴ ተሰብስበው መጽሐፍ እናነባለን። ከእነርሱም መካከል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም የሆኑ ሁለት ባልንጀሮች ነበሩ። በመስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ፈረንጆች ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በሚሉት ቀን፣ የሐማስ ታጣቂዎች ከጋዛ ወጥተው በእስራኤል መንደሮች ላይ አደጋ ጣሉ። እስራኤልም ጋዛን በጦር መታች። ከሳምንታት በኋላ በአንድ ቅዳሜ እነዚህ ሁለት ልጆች በቤቴ ውስጥ ክርክር ገጠሙ።

አንደኛው፣ «በአንድ ቀን 1,200 ያህል ሰው ተገደለ፤ 250 ያህልም ታግቶ ተወሰደ፤ ከእነርሱም መካከል አሮጊትና ሕፃን አለበት» አለ።

ሁለተኛውም፣ «ከዚያ ወዲህ በጋዛ የሞተው አሥር እጥፍ አልፏል፤ ፍርስራሽ የተጫናቸውን ሕፃናት ማን ቈጠራቸው?» ሲል መለሰ።

እኔ በመካከላቸው ሽማግሌ መሆን ሲገባኝ፣ ወደ ሁለተኛው ዞሬ፣ «የጀመረው ማን ሆነና ነው!» ብዬ በቍጣ ተናገርሁ። የዚያን አገር ነገር የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ካርታውን በቃሌ አውቀው የለምን? ልጁ መልስ አልሰጠኝም። መጽሐፉን አጠፈ፤ ጫማውን አጠለቀ፤ «ደኅና ይዋሉ፣ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ሦስት ቅዳሜ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ከባልንጀራውም ጋር ሰላምታ ተዉ።

በአራተኛው ሳምንት ወደ ቤቱ ሄድሁ። አባቱ በክብር ተቀብለው ቡና አስፈሉልኝ። ስለ ልጁ በጠየቅኋቸው ጊዜ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ ልጄ የከፋው በክርክር ስለ ተሸነፈ አይደለም። ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ ሳይደርሱት ቀርተው ይባስ ብለው የተቈጡት መስሎት ነው።» ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የለቅሶን ሥርዐት ሁላችን እናውቀዋለን። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተካሰው ሳይነጋገሩ ዓመት ቢያልፋቸው እንኳ፣ ሞት ካንደኛው ቤት የገባ እንደ ሆነ ሁለተኛው ነጠላውን ዘቅዝቆ ይደርሳል። በደረሰ ጊዜ ክሱን ትቷል ማለት አይደለም፤ በቀጠሮው ቀን ከዳኛ ፊት ይቆማሉ። ነገር ግን ያልደረሰ እንደ ሆነ፣ ጠባቸው ከድንበር ጠብነት አልፎ የደም ጠብ ይሆናል። በቅድስት ምድር ላይ የደረሰውን መከራ ከዚያ ወዲህ ባጠናሁ ቍጥር፣ ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ የሌላውን ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረታቸውን ነው ያገኘሁት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

አይሁድ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሰደዱና ሲዋረዱ ኖረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ስድስት ሚሊዮኑን ፈጇቸው። ከዚያ እሳት የተረፈው፣ በሩን የሚከፍትለት አገር አጥቶ፣ የአባቶቹ ወደ ነበረችው ምድር ቢሮጥ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ያች ምድር ባዶ አልነበረችም። ወይራ ተክለው፣ ስንዴ ዘርተው፣ ሙታናቸውን ቀብረው ለብዙ ትውልድ የኖሩ ዐረቦች ነበሩባት። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት ምድሪቱን ለሁለት ለመክፈል ድምፅ ሲሰጡ፣ 33 አገሮች ደገፉ፤ 13 ተቃወሙ፤ 10 ደግሞ ድምፃቸውን አቀቡ። ካቀቡትም አንዷ አገራችን ኢትዮጵያ ነበረች። በተከታዩ ዓመት የእስራኤል መንግሥት ታወጀ፤ ጦርነትም ሆነ። በዚያ ጦርነት ከእስራኤል ወገን 6,000 ያህል ሰው ሞተ፤ ይኸውም ከመቶ ሰው አንድ ማለት ነው። 700,000 ያህል ፍልስጤማውያን ደግሞ ሸሽተውም ተባረውም ከቤታቸው ወጡ፤ ብዙዎቹ ነገ የሚመለሱ መስሏቸው በራቸውን ቈልፈው ቍልፉን ይዘው ሄዱ። ዛሬ በጋዛ ከሚኖረው ሕዝብ የሚበዛው የእነዚያ ስደተኞች ልጅና የልጅ ልጅ ነው። አንዱ ሕዝብ ያን ዓመት የነጻነት ዓመት ይለዋል፤ ሌላው ናክባ፣ ማለት ታላቅ ጥፋት፣ ይለዋል። አንዱ በዓል ሲያከብር ሌላው ሐዘን ይቀመጣል።

በ1967 በስድስት ቀን ጦርነት እስራኤል የዮርዳኖስን ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምንና ጋዛን ያዘች። በ1993 የሁለቱ ወገን መሪዎች እጅ ለእጅ በተጨባበጡ ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ ነበር። ነገር ግን በ1994 አንድ አይሁዳዊ በኬብሮን መስጊድ በስግደት ላይ የነበሩ 29 ሰዎችን በጥይት ገደለ፤ ፍልስጤማውያን ታጣቂዎችም በእስራኤል አውቶቡሶች ላይ ቦምብ እያፈነዱ መንገደኛውን ፈጁ። በ1995 ሰላሙን የፈረሙትን የእስራኤልን ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢንን የገዛ ወገናቸው ገደላቸው።

ያ በ2023 የተጀመረው ጦርነት በኦክቶበር 2025 የተኵስ ማቆም ስምምነት እስከ ተደረገ ድረስ፣ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር እንዳስታወቀው፣ ከ67,000 በላይ ፍልስጤማውያን ተገድለዋል፤ እጅግ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። በኦገስት 2025 በጋዛ ከተማና በአካባቢዋ ረኃብ መግባቱ በተባበሩት መንግሥታት በሚደገፉ መርማሪዎች ተረጋገጠ። ከእስራኤልም ወገን በኦክቶበር 7 ከተገደሉት ሌላ ብዙ ወታደሮች ወድቀዋል። ከእነርሱ መካከል ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ነበሩና፣ በዚያም ምድር በአማርኛ ሙሾ ያወረደች እናት አለች።

ይህ ሁሉ ቍጥር ነው። ቍጥር ለክርክር ይጠቅማል፤ ልብን ግን አያንቀሳቅስም። ስለዚህ የሁለት አባቶችን ታሪክ ልንገርህ፤ ሁለቱም ታሪካቸውን በዓለም ፊት ደጋግመው የተናገሩ ሰዎች ናቸው።

ራሚ ኤልሐናን የኢየሩሳሌም ሰው ነው። አባቱ ከአውሽዊትስ የሞት ሠፈር የተረፉ ነበሩ። በሴፕቴምበር 1997 ስማዳር የምትባለው የ13 ዓመት ልጁ ከጓደኞቿ ጋር በኢየሩሳሌም ጎዳና ስትሄድ፣ ፍልስጤማውያን አጥፍቶ ጠፊዎች ባፈነዱት ቦምብ ሞተች። ራሚ በቍጣ ሲቃጠል ከቈየ በኋላ፣ አንድ ሰው ሐዘንተኞች ወደሚሰበሰቡበት ማኅበር ጠራው። ይህን ማኅበር ልጁን ያጣ ይስሐቅ ፍራንከንታል የተባለ እስራኤላዊ በ1995 አቋቁሞት ነበር፤ የወላጆች ክበብ ይባላል፤ ከሁለቱም ወገን የሞተባቸው ከ600 በላይ ቤተ ሰቦች ተሰብስበውበታል። ራሚ ሳይወድ ሄዶ ዳር ቆሞ ሲመለከት፣ አንዲት ፍልስጤማዊት እናት የሞተ ልጇን ፎቶግራፍ በደረቷ ይዛ ከአውቶቡስ ስትወርድ አየ። ዕድሜው ወደ 50 ተቃርቦ ሳለ ፍልስጤማውያንን እንደ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው ይላል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የራሴን ካርታ አሰብሁ።

ሁለተኛው ባሳም አራሚን የሚባል ፍልስጤማዊ ነው። በ17 ዓመቱ በእስራኤል ወታደሮች ላይ በተነሣ ነገር ተይዞ ሰባት ዓመት ታሰረ። በእስር ቤት ሳለ የአይሁድን ዕልቂት የሚያሳይ ፊልም አየ። ጠላቶቹ ሲሞቱ አይቶ ደስ ሊለው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን እንባው መጣ። ከተፈታም በኋላ ከቀድሞ የእስራኤል ወታደሮች ጋር ሆኖ መሣሪያ የጣሉ ተዋጊዎችን ማኅበር በ2005 መሠረተ። በጃንዋሪ 2007 አቢር የምትባለው የ10 ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤቷ ወጥታ ከረሜላ ገዝታ ስትመለስ፣ አንድ የእስራኤል የድንበር ፖሊስ የተኰሰው የጎማ ጥይት ራሷን መታትና ሞተች። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ሁለት አባቶች ወንድማማች ሆነው አገር ለአገር እየዞሩ ስለ ልጆቻቸው ይናገራሉ። የቀድሞ የእስራኤል ወታደሮችም መጥተው በአቢር ትምህርት ቤት ለመታሰቢያዋ የልጆች መጫወቻ ቦታ ሠሩ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ያን ልጅ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። ለሁለቱ ባልንጀሮች የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ለእስራኤል ለሚከራከረው የአቢርን ታሪክ፣ ለጋዛ ለሚከራከረው የስማዳርን ታሪክ ሰጥቼ፣ «ለጓደኞቻችሁ ተናገሩ፤ ቍጥር ግን አትጥሩ» አልኋቸው። የመጀመሪያው ከረሜላው ዘንድ ሲደርስ አቋረጠ፤ የ10 ዓመት እኅት አለችው። ሁለተኛውም ታሪኩን በዝግታ ተናግሮ ጨርሶ፣ ስማዳር ያን ቀን ቤት ትመጣለች ብላ የጠበቀቻትን እናቷን እያሰበ ዝም አለ።

በመጨረሻ ግን ሁለተኛው ልጅ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ለሁለቱም ማልቀስ ፍርድን መተው አይሆንምን? አንዱ አውሮፕላንና ታንክ አለው፤ ሌላው የለውም። የሞተውም እኩል አይደለም።»

ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ እኔም አልሸሸሁትም። ባሳም አራሚን ይቅር ማለትን ቢመርጥም የልጁን ነገር ወደ ፍርድ ቤት ወስዶታል፤ በ2010 የእስራኤል ፍርድ ቤት ለሞቷ መንግሥት ኀላፊ መሆኑን ፈረደ፤ የተኰሰው ፖሊስ ግን አልተከሰሰም። እንግዲህ ሐዘን ዳኝነትን አይከለክልም። እንዲያውም የሌላውን ለቅሶ የደረሰ ሰው በደልን ጠርቶ በስሙ ለመናገር ይደፍራል፤ ያልደረሰ ግን ፍርድ የሚመስለው በቀል ነው። ሕፃን የገደለ ሁሉ፣ በዱርም ሸምቆ ይሁን በሰማይም በርሮ፣ ይጠየቅ። ማን ምን ያህል እንዳጠፋ ይመዘን። ነገር ግን ሚዛኑን የሚይዘው እጅ አስቀድሞ እንባ የጠረገ እጅ ይሁን።

ሁለቱ ልጆች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንዱ አንዱን ነገር ያነሣል፤ ሌላው ይመልስለታል። ነገር ግን ሰላምታቸው ተመልሷል፤ ሲከራከሩም ድምፃቸው እንደ ቀድሞው አይደለም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በእጅህ በያዝኸው ስልክ የሩቅ አገር ሙት በየቀኑ ከቤትህ ይገባል። ከጦርነቱ ሩቅ ነንና ለእኛ ጥይት አይደርሰንም፤ የሚደርሰን ፈተና የሌላው ሞት ደስ እንዲለን ወይም እንዳይሰማን መሆን ነው። «ይበላቸው» የሚል ቃል ወደ አፍህ ሲመጣ፣ በዚያው ሰዓት የአንድ ልጅ ስም ፈልገህ አንብብ። ወገንህ የምትለው ሲሞት ማልቀስህ ተፈጥሮ ነው፤ ማንም አያስተምርህም። መማር የሚያስፈልገው የሌላውን ለቅሶ መድረስ ነው። እኔ ይህን ዘግይቼ ተማርሁት፤ አንተ ግን ገና በጧት ተማረው።