መቶ ዳቦ በሉክሶር

ሉክሶርን የወደድኳት ከነገሥታቷ ይልቅ በጸሐፊዎቿ ነው። ዓባይን በጀልባ ተሻግሬ፣ በምዕራቡ ዳር ሼክ አብድ ኤል ቁርና በሚባለው ኮረብታ ላይ ካለው የሜና መቃብር ገባሁ። ሜና የጥንታዊት ግብፅ ንጉሥ እርሻዎች ጸሐፊ ነበር። ግድግዳው ላይ ሰዎች ማሳ በገመድ ይለካሉ፤ ሌሎች የእህል ክምር ይሰፍራሉ፤ ጸሐፊዎች አጠገባቸው ሆነው ይመዘግባሉ። ቃርሚያ የሚለቅሙ ሁለት ልጃገረዶች ደግሞ ፀጉር ለፀጉር ተያይዘዋል። ከ3,300 ዓመት በላይ አልፎም ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እንዲህ ያሉ ጸሐፊዎች የተማሩትን ስሌት የሚያሳየን ፓፒረስ የተገዛው እዚሁ ሉክሶር ነው። ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ሄንሪ ራይንድ እ.ኤ.አ. በ1858 ገዛው፤ ዛሬ ያለው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። የገለበጠው አህሞሴ የሚባል ጸሐፊ ሲሆን፣ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ ነው። የፓፒረሱን 40ኛ ጥያቄ በማስታወሻዬ ይዤው ነበርና ማታ ወንዙ ዳር ተቀምጬ መፍታት ጀመርኩ።

100 ዳቦ ለ5 ሰዎች ይከፈላል። ድርሻቸው ከአንዱ ወደ ሌላው በእኩል ልዩነት ይጨምራል። የሁለቱ ትንንሽ ድርሻዎች ድምር የሦስቱ ትልልቆች ድምር አንድ ሰባተኛ ነው። ለእያንዳንዱ ስንት ይድረሰው?

ትንሹን ድርሻ ሀ፣ ልዩነቱን ለ አልኩ። ከጠቅላላው ዳቦ 5ሀ + 10ለ = 100 ይወጣል፤ ከንጥጥሩ ደግሞ 7 × (2ሀ + ለ) = 3ሀ + 9ለ። ሁለተኛው እኩልታ ሲቃለል 11ሀ = 2ለ ይሆናል፤ ልዩነቱ የትንሹ ድርሻ 5½ እጥፍ ነው ማለት ነው። እዚህ ስደርስ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ አህሞሴም የሚነሳው ከዚሁ 5½ ነውና! ከየት እንዳገኘው ሳያብራራ፣ ትንሹን ድርሻ ለጊዜው 1 አድርጎ ይደረድራል፦ 1፣ 6½፣ 12፣ 17½፣ 23። ድምሩ 60 ይመጣል። ዳቦው ግን 100 ስለሆነ ሁሉንም በ1⅔ ያባዛል፦ 1⅔፣ 10⅚፣ 20፣ 29⅙፣ 38⅓። የሁለቱ ትንንሾች ድምር 12½፣ የሦስቱ ትልልቆች 87½፤ ልክ ሰባት እጥፍ።

በሁለት እኩልታ የሄድኩበትን መንገድ እሱ ደረጃ በደረጃ ለይቶ አሳየኝ፦ ንጥጥሩ የድርሻዎቹን መልክ ይወስናል፣ ድምሩ መጠናቸውን። ይህን የያዘ ተማሪ እንዲህ ያለ የማከፋፈል ጥያቄ አያስፈራውም፤ መጀመሪያ መልኩን ይፈልጋል፣ ከዚያ እስኪሞላ ያሳድገዋል።