ከመሳቢያዬ የወጣው ደብተር



ባለፈው ኖቬምበር ከአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጅ አንድ ደብተር ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍሁበት። ስለዚያ ደብተር እዚህ የምጽፈው ባለቤቷን አስፈቅጄ ነው። «ስሜን ግን አይጥሩ ጋሼ» ስላለችኝ ስሟን አልጠራም።

ጊዜው የንሴኔኔ ወቅት ነበር። ካምፓላ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ማታ ማታ ሰዎች ኃይለኛ አምፖል ያበራሉ፤ ቆርቆሮ ያቆማሉ፤ ከሥሩ በርሜል ደርድረው ይጠብቃሉ። ብርሃን ፍለጋ የመጣው ፌንጣ ከቆርቆሮው ጋር እየተላተመ በርሜል ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ክንፉና እግሩ ተነቅሎ፣ ከሽንኩርት ጋር ተጠብሶ በየመንገዱ ይሸጣል። ባጋንዳዎች የኖቬምበርን ወር ራሱን «ሙሴኔኔ» ይሉታል። የንሴኔኔ ጎሳ አባላት ግን የጎሳቸው ምልክት ስለሆነ አይቀምሱትም።

ደብተሩን የወሰድሁት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከጠረጴዛ በታች ሲዘዋወር አይቼ ነው። ገለጥ ሳደርገው ፊቱ የሰው፣ ዓይኑ የፌንጣ፣ ክንፉ አራት፣ እጁም አራት የሆነ ፍጡር ተስሏል። አልወደድሁትም። በማግስቱ ደግሞ እናቷ ደወሉ። «ርዕሰ መምህር፣ ይሄ የመናፍስት ጨዋታ ነው አሉኝ። እባክዎን ያቃጥሉልኝ» አሉ። አይቼ እንደምነግራቸው ቃል ገባሁ። ሳላነብ ማቃጠል ግን ለአስተማሪ የሚሆን ነገር አልመሰለኝም። የዚያን ቀን ማታ ናጉሩ ኮረብታ ላይ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በባትሪ ብርሃን አነበብሁት።

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ልጆች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪክ ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ወይም ፍጡር ሆነው ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። የሚሞክሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው ዳይስ ነው፤ እንደ ሉዶው ሳይሆን ባለ ሃያ ገጽ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ቀዳሚ የሆነው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። አዘጋጆቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። በ1980ዎቹ እዚያም ብዙ ወላጆች «የሰይጣን ነው» ብለው ፈርተውት ነበር። ስለዚህ የእኛዋ እናት ብቻቸውን አይደሉም።

ተጫዋቹ የሚሆነው ፍጡር ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ መምረጥ አለበት። ጨዋታው ይህን ለረጅም ዘመን «ዘር» ይለው ነበር፤ በ2024 እትም ቃሉ ተቀይሯል። የእኛ ልጆች ይህን ሳይሰሙ «ወገን» ብለውታል። «ዘር የሚለው ቃል ቤት ውስጥ ጠብ ያስነሳል» አለኝ አንዱ ተማሪ፤ እኔም አልተከራከርሁትም። በ2021 በወጣ አንድ የጨዋታው መጽሐፍ ከአውሮፓ ተረት የመጡት ክንፋም ፌሪዎች ለተጫዋች ተፈቅደዋል። ልጆቹ ግን የራሳቸውን ፈለጉ። ስሙን ከፌንጣና ከንሴኔኔ ገጥመው «ፌንሴኔ» አሉት፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ሉጋንዳ፣ እንደ ራሳቸው አነጋገር።

ደብተሩ ውስጥ ያለው በሙሉ ሕግ ነው፣ የተጻፈውም በአማርኛ። ፌንሴኔ ብርቱ ብርሃን ሲያይ ዳይስ ይጥላል፤ ከአሥር በታች ከመጣበት ሳይወድ ወደ ብርሃኑ ይበርራል። ዝናብ ከመታው መብረር አይችልም። ቆዳውን በለወጠ ቀን ገላው ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ዱላ ይጎዳዋል። ለእያንዳንዱ ብርታት አንድ ድካም ተመድቧል። እኔ ስለ ፍትሕ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ለማስረዳት የምደክምበትን እነሱ በሠንጠረዥ አስቀምጠውታል።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ሕግ ግን ከወንበሬ አላስነሳኝም። እንዲህ ይላል፦ ፌንሴኔ ከቀፎዋ ርቃ ካደገች ሽታዋ ይለወጣል፤ ብትመለስ በር ጠባቂዎቹ አያውቋትም። ልጅቷ እዚህ የመጣችው በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስትሄድ የአክስቶቿ ልጆች በአማርኛዋ እንደሚስቁባት ሰምቻለሁ። አባቴ ጎጃም ውስጥ ንብ አንቢ ነበር። በር ላይ የሚቆሙት ንቦች የሌላ ቀፎ ንብ በሽታዋ ለይተው ሲያባርሩ በልጅነቴ አይቻለሁ። ልጅቷ የጻፈችው እውነት ነው።

በማግስቱ ደብተሩን መለስሁላት፤ ሳላነብ በመፍረዴም በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። እናቷን ቢሮ ጠርቼ ያን ገጽ አስነበብኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ነገሩን ላቅልል ብዬ፣ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት የሚለውን ትውፊት አነሳሁ። «እሱ ቅዱስ ነው ርዕሰ መምህር፣ ይሄ ጨዋታ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ተስማማን፤ ዓርብ ከትምህርት በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ የመናፍስት ጥሪ የሚባል ነገር ሳይኖርበት። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወደዱትም። ዓርብ ዓርብ ግን ቀድመው መጥተው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ።

የሳይንስ መምህራችንም ገቡበት። ልጆቹ ፌንሴኔ ገና ከመነሻው ይብረር አይብረር በሚለው ተጣልተው ነበር፤ የሚበርር ተጫዋች ገደሉንም ግንቡንም ስለሚዘልል ለሌሎቹ ጨዋታው ይበላሻል። መምህሩ «ፌንጣ ሲፈለፈል ክንፍ የለውም። ቆዳውን ደጋግሞ ይለውጣል፤ ሙሉ ክንፍ የሚያወጣው በመጨረሻው ለውጥ ነው» አሏቸው። ጠቡ በዚያው አበቃ። አሁን ፌንሴኔ እስከ አራተኛ ደረጃ ይዘልላል፣ አምስተኛ ሲደርስ ይበርራል።

እኔም አንድ ዓርብ ተጫወትሁ። ዳይሱ ሦስት መጣብኝ፤ ወደ አምፖሉ በርሬ በርሜል ገባሁና ከሽንኩርት ጋር ተጠበስሁ። እንደዚያን ቀን ተማሪ ስቆብኝ አያውቅም።

ከመሄዴ በፊት ስለ መጨረሻው ገጽ አንድ ነገር ነገርኋት። ንብ አንቢዎች የሁለት ቀፎ ንቦችን ማዋሐድ ሲፈልጉ በመካከላቸው ጋዜጣ ያነጥፋሉ። ንቦቹ ወረቀቱን እየቀደዱ እስኪገናኙ ድረስ ሽታቸው ይቀላቀላል፤ ከዚያ አይጣሉም። ዝም ብላ ሰማችኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ደብተሩን ሳይ ከሕጉ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጨምሯል፦ «ወረቀት ካለ ግን ትገባለች።»

ለዘንድሮ ተመራቂዎቻችን መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ደብተሮቻችሁን አትጣሉ።